የጋሽ መኩሪያ ሦስት ጥያቄዎች

የጋሽ መኩሪያን ሞት የነገረኝ የድሮው ሱፐርቫይዘራችን ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ካለው ቤቴ ለሥራ ልወጣ ቁልፌን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። "ሰናይት፣ ጋሽ መኩሪያ አረፉ" አለኝ። "መቼ?" ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ ቀጠለና "የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊው ተብሏል። የእሳቸውን ጽሑፍ ስትተረጉሚ የኖርሽው አንቺ ነሽ" አለ። ቁልፌን አገኘሁት፤ ሥራ ግን አልሄድኩም። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ካየኋቸው ስምንት ወር አልፎኝ ነበር፤ እሳቸው ያሉበት ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከእኔ ቤት ቢርቅ ግማሽ ሰዓት ነው።

በዚያው ቀን ወረቀት አውጥቼ ጀመርኩ። የተወለዱት ደሴ መሆኑን ጻፍኩ። አገር ቤት ራፖር ጸሐፊ፣ እዚህ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ እንደነበሩ ጻፍኩ። ሚስታቸው ቀድመው እንደሞቱ፣ ልጅም እንዳልነበራቸው ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ስለ እሳቸው መነገር ያለበት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ለመጻፍ ወኔ አጣሁ። ስለዚህ ለቀብሩ ያዘጋጀሁት ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ቀሪውን አሁን ልጻፈው።

ጋሽ መኩሪያን ያወቅኋቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው። ያኔ መግቢያውና መውጫው ላይ ሰው የሚቀመጥበት የመስታወት ቡዝ ነበር፤ አሁን ማሽን ተክለውበታል። እኔ መግቢያው ላይ፣ እሳቸው መውጫው ላይ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዩኒፎርሙ ጃኬት ሥር ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። "ክራቫቱ ለማን ነው ጋሼ? ለመኪናው?" ብዬ ስቀልድባቸው "ራሱን ያላከበረ ሰው የጻፈውን ማን ያከብርለታል?" ይሉኛል። ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፣ ይቀንሳል። ሲያንሾካሹኩ ከሰማን ሁላችንም ከአካባቢው ዞር እንል ነበር።

ደሴ ሳሉ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክለው፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ መጻፍ ለማይችል ባለጉዳይ ሁሉ አቤቱታ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አሜሪካ ሲመጡ ጃንጥላው ቀረ እንጂ ሥራው አልቀረም። የትራፊክ ቅጣት የመጣበት፣ ከአከራዩ ጋር የተጣላ፣ ኢንሹራንስ አልከፍልም ያለው ሰው ሁሉ እየጠያየቀ ይመጣል። ከሺፍት በኋላ ብሬክ ሩም፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይቀበሉታል። መጀመሪያ "እኔ ጠበቃ አይደለሁም" ይሉታል። ገንዘብ አይቀበሉም። ጉዳዩ የተሳካለት ሰው አንድ እስክሪብቶ ያመጣላቸዋል፤ እሱን በብስኩት ጣሳ ውስጥ ያጠራቅሙታል። በቢጫ ወረቀት ላይ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ እኔ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። እንዲህ እያልን ሰባት ዓመት ሠራን።

አጻጻፋቸው ግን ጉድ ነበር። የአንድ ሰውዬ ቤት ማሞቂያው ተበላሽቶ አከራዩ አልጠግንም ቢል፣ ጋሽ መኩሪያ "ከነሕፃናት ልጆቼ በብርድ ደርቄ ልቀር ነው" ብለው ጻፉለት።

"ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ልጅ የለውም" አልኳቸው።

"ይወልዳል" አሉኝ።

ማሞቂያው በነጋታው ተጠገነ። ቀይ መብራት ለጣሰ ሌላ ሰው ደግሞ "ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር" ብለው ጻፉ። ዳኛው ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ፤ ቅጣቱንም ቀነሰለት። እኔ ስከራከራቸው መልሳቸው አንድ ነበር። "ደረቅ ማመልከቻ ደረቅ መልስ ነው የሚያመጣው። ዳኛም ሰው ነው፤ ሆዱ ካልባባ እጁ አይፈርምም።" በዚያ በር ላይ ጃንጥላ ሥር የተማሩት ይህንን ነው፤ እዚህም ሲሠራላቸው ስላየሁ ቀስ በቀስ መከራከሬን ተውኩ።

ያም ሆኖ በአንድ ነገር አይታሙም። ሳያነቡ ሰው አያስፈርሙም። የጻፉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጣታቸው አንጓ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ በእያንዳንዱ ማንኳኳት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ሰማህ? ገባህ? ቃልህ ነው?" ሦስቱንም አዎ ካላሉ እስክሪብቶውን አይሰጡም። አንድ ቀን ግርማ የሚባል ታክሲ ነጂ መንገድ ላይ መኪናውን ደብል ፓርክ አድርጎ መጣና "ጋሼ፣ ቶሎ ልፈርምና ልሂድ" አላቸው። እሳቸው ንባቡን አላቋረጡም። "መኪናዬ ይጎተታል እኮ!" ብሎ ጮኸባቸው።

"መኪናህ ቢጎተት ከፍለህ ታስመልሰዋለህ" አሉት፤ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። "ስምህ ከተጎተተ ማን ይመልስልሃል?"

ግርማን መኪናው የፓርኪንግ ቅጣት ተለጥፎበት ጠበቀው። ሲረግማቸው ከርሞ ከወር በኋላ እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

ዘነበች የመጣችው በእኛ ሰባተኛ ዓመት ላይ ነው። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ፊቷ በሐዘን የደረቀ ሴት ነበረች። አላስካ፣ አንኮሬጅ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ጽዳት ሠርታለች። አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጇ ሄለን በካንሰር ስትታመም፣ እሷን ልታስታምም ሥራዋን ትታ መጣች። ከሄለንና ከባሏ ከዳንኤል ጋር በአንድ አፓርትመንት ውስጥ ትኖር ነበር። ሌላ የቀራት አንድ ወንድ ልጅ አገር ቤት ነው። የዜግነት ማመልከቻ አስገብታ ቀጠሮ እየጠበቀች ነበር፤ ዜግነቱን ስታገኝ ልጁን ልታመጣ።

አላስካ ከምድሯ ከሚወጣው ነዳጅ ዘይት የምታስቀምጠው ሀብት አለ። ከዚያ ትርፍ በየዓመቱ ለነዋሪዎቿ ሁሉ፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ ታከፋፍላለች። ጠቡ ያለው "ነዋሪ ማነው?" የሚለው ላይ ነው። ከክፍለ ግዛቱ ረጅም ጊዜ የወጣ ሰው ክፍያው ይቀርበታል፤ በጽኑ የታመመ ልጁን ሊያስታምም የወጣ ሰው ግን፣ ኑሮውን ከዚያ ሳይነቅል ሊመለስ ካሰበ፣ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። ዘነበች ማመልከቻውን ስትሞላ "ዕቃዬ እዚያው ነው፤ እመለሳለሁ" ብላ ምላ ፈርማለች። እውነቷን ነው። አልጋዋም፣ ሶፋዋም፣ የክረምት ልብሷም አበባ የምትባል ጓደኛዋ ቤት፣ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ክፍያውን የሚያከፋፍለው ቢሮ ግን ከአንኮሬጅ ለምን ይህን ያህል እንደራቀችና ምን እንዳስቀረች በጽሑፍ እንድታስረዳ ደብዳቤ ላከላት። ያንን ደብዳቤ ይዛ ነው ሜትሮ ባቡር ተሳፍራ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣችው።

ጋሽ መኩሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሟት። ስለ ዕቃዋ ብዙም አልጠየቋትም፤ እሷም ስለ ልጇ እንጂ ስለ ሌላ ማውራት አልቻለችም። በሳምንቱ ተመልሳ ስትመጣ ጽሑፉም ትርጉሙም ደርሶ ነበር። ብሬክ ሩሙ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። መነጽራቸውን አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው፣ ማንበብ ጀመሩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። "ቤቴን ዘግቼ፣ ንብረቴን ሸጬ፣ ከአገሩ ተነቅዬ ወጥቼ፣ ዛሬ በዚያ የሚጠብቀኝ አንዳች ነገር ሳይኖረኝ፣ የልጄን አልጋ ተደግፌ እገኛለሁ።"

ዘነበች ቀና አለች። "ዕቃዬ እኮ አልተሸጠም ጋሼ። አበባ ጋ ነው ያለው።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ። ይሄ የአቤቱታ ወግ ነው። ሶፋዬ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦልኛል ብትያቸው ማን ያዝንልሻል?"

"እኔ እንጃ... ዕቃዬ እዚያው ነው ብዬ ፊርማ አስገብቼ ነበር።"

"እሱ ፎርም ነው። ይሄ አቤቱታ ነው።"

ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እንደማልወደው ፊቴ ይናገር ነበር። ግን ሺፍቴ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ከእሳቸው ጋር መከራከርም ሰልችቶኝ ነበር። ዝም አልኩ። እሷም "እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ" አለች።

ጋሽ መኩሪያ ቅር ሲላት አይተው እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡላት። ሁለተኛው ንባብ ሲያልቅ መነጽራቸውን ሰቀሉና ወረቀቱን አንኳኩ። "ሰማሽ?" አዎ አለች። "ገባሽ?" አዎ። "ቃልሽ ነው?" ወረቀቱን አየች። "ነው" አለችና ፈረመች። እኔ ትርጉሙን ከሥሩ አያይዤ ፖስታውን አሸግኩት።

መልሱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ከእስክሪብቶ ጣሳው አጠገብ ቆሜ አነበብኩላቸው። ቢሮው በራሷ ቃል ከአላስካ ተነቅላ ወጥታለችና ነዋሪ አይደለችም ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ቀጥሎ ግን፣ በመሐላ ያስገባችው ፎርም "ዕቃዬ እዚያው ነው" ሲል ደብዳቤዋ "ሸጬዋለሁ" ስለሚል ከሁለቱ አንዱን እያወቀች ዋሽታለች፤ ከእንግዲህ ለዓመታት ከክፍያው ትታገዳለች፤ ያለፈውንም ትመልስ ይላል። ዘነበችን ያርበደበዳት ገንዘቡ አይደለም። የዜግነት ፎርሙ ላይ ለመንግሥት ዋሽተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። "ይሄ ወረቀት እያለ ምን ብዬ ልመልስ? ልጄን በምን ላመጣው ነው?" አለችኝ በስልክ። ሄለን እንዳትሰማ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነበር የምታወራኝ።

ጋሽ መኩሪያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። እንግሊዝኛውን ማንበብ ባይችሉም ረጅም ጊዜ አዩት።

"የትኛው ቃል ነው የጣላት?"

"ንብረቴን ሸጬ የሚለው።"

"ያ የእኔ ነው" አሉ።

በዚያ ሳምንት ሄለን ሞተች። ለቅሶ ሄደን፣ ጋሽ መኩሪያ ከበሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ። ዘነበች ስታለቅስ ስለ ልጇ ብቻ ነበር የምታለቅሰው፤ እሳቸው ግን ሌላውንም እንደሚሰሙ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ይግባኙን ራሳቸው ጻፉት። ስድስት መስመር ነበር፤ እንባም ብርድም የለበትም። በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያው ደረቅ ማመልከቻ ይመስለኛል። ችሎቱ በስልክ እንዲሰማ ተቀጠረ። ቀኑ ሲደርስ ክራቫታቸውን አስረው፣ ፋይላቸውን ታቅፈው፣ ከእኔ ጋር ወደ አሌክሳንድሪያ ተሳፈሩ።  ባቡሩ ድልድዩን ሲሻገር ድንገት ጠየቁኝ።

"አንብቤላታለሁ አይደል?"

"ሁለት ጊዜ።"

"አንቺም ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?"

"እውነቱን ነዋ ጋሼ። ሌላ ምን እላለሁ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው አንቺ ምስክር አትሆኚም" አሉ። ያኔ አልገባኝም። ችሎቱ የራሱን አስተርጓሚ ስለሚያቀርብ አታስፈልጊም ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

የሄለን ሶፋ ላይ ዘነበችና ጋሽ መኩሪያ ተቀመጡ። እኔ ከጎናቸው፣ ዳንኤል ደግሞ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠ። የዳኛው ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ አስተርጓሚዋ ከሌላ ቦታ በዚያው መስመር ገብታለች። መጀመሪያ ዘነበች ተጠየቀች። ዕቃሽ የት ነው? አበባ ጋ። የኪራይ ደረሰኝ አለሽ? የለኝም፤ ጓደኛዬ ናት፣ በነፃ ነው። በአበባና በአንቺ መካከል የተጻፈ ነገር አለ? የለም። ታዲያ የፈረምሽው ደብዳቤ ለምን ተሸጧል ይላል? ዘነበች አፏን ከፈተች። "ነግሬያቸው ነበር" ልትል እንደሆነ ከዓይኗ አወቅሁ። ያንን ካለች ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቀች ፈርማለች ማለት ነው። ጋሽ መኩሪያ መዳፋቸውን አንስተው ዝም አሰኟት።

"ክቡር ዳኛ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምስክር ነኝ" አሉ።

አስማሏቸው። ንብረቷን ሸጣለች የሚለው እውነት ነው? አይደለም። ማን ፈጠረው? እኔ። የተረጎመው ማነው? "አንዲት ሴት ናት፤ የሰጠኋትን ነው የተረጎመችው። ስለ ጉዳዩ የምታውቀው የለም" አሉ። ስሜን አልጠሩም። 

ከዚያ ዳኛው ጠየቀ። አስተርጓሚዋም ቃል በቃል አስተላለፈች። "ከመፈረሟ በፊት ደብዳቤውን አንብበውላት ነበር?"

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ተጨብጠው ነበር። እንደ ልማዳቸው የሚያንኳኩ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አላንኳኩም።

"አላነበብኩላትም" አሉ።

"ሳያነቡ ማስፈረም የተለመደ አሠራርዎ ነው?"

"ነው። ሰው ይቸኩላል፤ እኔም እቸኩላለሁ። አንብቤ አላውቅም።"

"ጋሼ..." አለች ዘነበች። መዳፋቸው እንደገና ተነሳ። ወደ እኔ ዞረች፣ እንደ ያን ቀኑ። እኔም እንደ ያን ቀኑ ዝም አልኩ። ዳንኤል ከግድግዳው ላይ ሆኖ "ይሄን ነው የምትሉት ትልቅ ሰው?" ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሚስቱን ከቀበረ ገና አርባ ቀን አልሞላውም፤ የሚጠላው ሰው ያስፈልገው ነበር መሰለኝ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጋሽ መኩሪያ ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "በሰው ስም ብዙ ዋሽቻለሁ" አሉኝ። "በራሴ ስም ስዋሽ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"  እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዞ ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ሁለት ነገር ይላል። ዘነበች እያወቀች አልዋሸችም፤ ስለዚህ እገዳው ተነሥቷል። ክፍያው ግን አይገባትም፤ ዕቃዋ እዚያ ስለመኖሩ ከአፍ ቃል በቀር ማስረጃ የላትም። ስታለቅስ ሰማኋት፤ የእፎይታም የሐዘንም ለቅሶ ነበር። የፈራችው ቃል ከመዝገቡ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ወደ አንኮሬጅ ተመለሰች፤ ዜግነቷንም አገኘች።

ጋሽ መኩሪያ ግን እዚሁ ቀሩ። ዳንኤል የሰማውን ለሰው ተናገረ፤ እሱ በጆሮው የሰማውን ነውና አልፈርድበትም። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ወሬ መሬት አያስነካም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያው፣ በታክሲ መቆሚያው "ሰውየው ሳያነቡ ነው የሚያስፈርሙት፤ ራሳቸው ለዳኛ አምነዋል" ተባለ። ብሬክ ሩሙ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግርማ መጣ፤ ያ መኪናው ሳይጎተት ቅጣት የተለጠፈበት። በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ የእኔንስ ያን ጊዜ ሙሉውን ነው ያነበቡልኝ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሱው በጆሮው የሰማውን፣ ሲሳደብበት የዋለውን ንባብ! እኔ ቡዜን ትቼ መጥቼ ነበርና አፌን ልከፍት ስል አዩኝ።

"አላስታውስም ልጄ" አሉት። ለአንዱ አንብቤያለሁ ካሉ ለሌላዋም ተነቦላት ይሆናል የሚል ሰው ይመጣል ብለው ፈርተው ነው። ዘነበች ገና የዜግነት ቀጠሮዋ አልደረሰም ነበር።

በዚያው ሰሞን የብስኩት ጣሳውን አመጡልኝ። "ለተማሪ ስጪው" አሉኝ። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ እስክሪብቶ ነበር፤ ግማሹ ቀለሙ ደርቋል። ከዚያ ወዲህ ፊርማቸውን እንኳ በግድ ነበር የሚፈርሙት። የመኪና ማቆሚያው ማሽን ሲያስገባ ሁላችንም ተበተንን። እኔ ጀርመንታውን ሥራ አገኘሁ፤ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምድር ቤት የተከራዩትን አንድ ክፍል ይዘው ቀሩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እሄድ ነበር፣ ከዚያ በየወሩ። እውነቱን ለመናገር ፊታቸውን ማየት እየከበደኝ መጣ። ስገባ ተነሥተው ይቀበሉኛል፤ ሻይ ያፈላሉ፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ እግሬን ሰበሰብኩ። የሞቱት ብቻቸውን ነው፤ ያገኟቸው የቤቱ አከራይ ናቸው፣ በሁለተኛው ቀን።

ለቀብሩ ዘነበች ከአንኮሬጅ መጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ከታክሲ ስትወርድ አገኘኋት። ልጇ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አብሯት እንዳለ፣ ለቀብሩ ግን መሥሪያ ቤቱ ስለከለከለው እንዳልመጣ ነገረችኝ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየች።

"ጻፍሽው?"

"የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌያለሁ።"

"እሱንስ?"

"አልጻፍኩም። ላንቺ ብዬ ፈራሁ።"

"ለእኔ ነው ወይስ ለራስሽ?" አለችኝ።  "ወረቀቴን ይዣለሁ፤ ልጄም ገብቷል። የመጣው ይምጣ። ዛሬ ካልተናገርሽ ግን እኔ እናገራለሁ" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሰው ብዙ አልነበረም። ዳንኤል መጥቷል፤ ግርማም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፍትሐቱ ሲያበቃ ስሜ ተጠራና ወጣሁ። ሬሳ ሣጥኑ ከፊቴ ነበር። ግማሽ ገጼን አነበብኩ፤ ደሴን፣ ጃንጥላውን፣ መኪና ማቆሚያውን። ወረቀቱ አለቀ። ሰው እንድወርድ ሲጠብቅ ወረቀቱን አጠፍኩና ያልጻፍኩትን ተናገርኩ።

"ጋሽ መኩሪያ ሳያነቡ ያስፈረሙት ሰው የለም" አልኩ።  "ለዘነበች ሁለት ጊዜ አንብበውላታል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አላነበብኩላትም ያሉት እሷን ለማዳን ነው፤ እኔን ደግሞ ከነገሩ ለማውጣት ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ።"

 ዳንኤል ወደ አማቱ ዞረ። "እውነት ነው እማዬ?" አላት።

ዘነበች ተነሥታ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ፊት ሄደች፤ ሣጥኑ አጠገብ ቆመች። የቀኝ እጇን ጨበጠችና በጣቷ አንጓ ክዳኑን አንኳኳች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

"ሰምቻለሁ ጋሼ" አለች። "ገብቶኛል። ቃሌ ነው።"